አሚን ብዬ ፊቴን ያላበስኩ ዕለት

ይህን የምጽፈው አሁን ጥርሱን ሊያስነቅል ተራ ለሚጠብቅ ሰው ነው። ጥርሱ ከሆነ ይነቀል፤ እኔ ምን ቸገረኝ። ሕመሙ ግን ድንገት መጥቶ ድንገት የሚሄድ ከሆነ፣ ፊትህን ለመታጠብ ከፈራህ፣ ንፋስ ሲነካህ በቆምክበት የምትደርቅ ከሆነ፣ እባክህ ከወንበሩ ተነሥና መጀመሪያ ይህን አንብበህ ጨርስ። እኔ ጤነኛ ጥርሶቼን አስነቅዬ ነው የተማርኩት። ከጥርስ የሚበልጥም ነገር አጥቻለሁ፤ እሱን ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

ስሜ ከዲጃ ነው። ደሴ ላይ ጨርቅ እሸጣለሁ። ሱቁን የከፈተው ከየመን የመጣው አያታችን ነው፤ ከእሱ ለአባቴ፣ ከአባቴ ለእኔ ደረሰ። ከሱቁ ጋር ምላሱንም ወርሳለች ይሉኛል። ገበያተኛን በጨዋታ ይዤ የማስቀር ሴት ነበርኩ። «ከዲጃ ጋ ሻሽ ልትገዛ የገባች መጋረጃ ተሸክማ ትወጣለች» ይባል ነበር። ይህን የማነሣው ለጉራ አይደለም። በሽታው በየት በኩል እንደመጣብኝ እንድታውቁት ነው፤ በአፌ በኩል መጣ።

አንድ ማለዳ ለሱብሂ ሶላት ውዱእ ሳደርግ፣ ውሃውን በእፍኜ ወደ ፊቴ እንዳነሣሁ ቀኝ ጉንጬን የሆነ ነገር ነደፈኝ። የደሴን የማለዳ ውሃ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ብርዱ ነው ብዬ አለፍኩት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ጨርቅ እየለካሁ፣ «ሜትሩ ስንት ነው?» ላለችኝ ሴት ልመልስ አፌን ስከፍት፣ ከጆሮዬ ሥር የተነሣ ነገር እስከ አገጬ ወርዶ ቃሉን ከአፌ ቀማኝ። ኤሌክትሪክ ይዞት የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል። ወዲያው ለቀቀኝ። ሲለቀኝ ደግሞ ምንም የለም፤ እብጠት የለ፣ ቅላት የለ፣ ትኩሳት የለ። ሴትየዋ ቆማ ታየኛለች። «ምነው፣ ዋጋው ጠፋሽ?» አለችኝ። ሳቅ ብዬ ዋጋውን ነገርኳት።

የዚህ በሽታ ተንኮሉ ይኸው ነው። ሲይዝ ይገድላል፤ ሲለቅ ምስክር አይተውም።

ጎረቤታችን እትዬ ዘሐራ «ምች ነው» አሉ። በእኛ አገር ፀሐይ ላይ በልቶ ወይም በላቡ ወጥቶ ፊቱን ያመመው ሰው ምች መታው ይባላል፤ መድኃኒቱም ዳማከሴ ነው። ቅጠሉን በመዳፋቸው አሽተው፣ እምቢ ከማለቴ በፊት ጉንጬ ላይ ለደፉት። ጀማልን በወለድኩ ቀን እንኳ እንደዚያ አልጮህኩም። እሳቸው ደግሞ «በርቺ፣ ሲወጣ ነው» እያሉ ይብሱን ያሹኛል። አላህ ይይላቸው፤ ለእኔው ብለው ነው።

ከዚያ ወደ ጥርስ ሐኪም ሄድኩ። ሕመሙ የታችኛው መንጋጋዬ ላይ ስለሚያርፍ እኔም ጥርሴ መሆኑን አልተጠራጠርኩም። አንዱን ነቀሉልኝ። ጥቂት ሳምንት ተወኝ፤ ዳንኩ ብዬ ሰደቃ አወጣሁ። ሲመለስ በሌላው ጥርስ በኩል የመጣ መሰለኝና ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ያንንም አስነቀልኩ። በሽታው አንዳንዴ ራሱ አርፎ ራሱ እንደሚመለስ ማን ይንገረኝ? ያረፈውን ሁሉ መነቀሉ ያሳረፈው መሰለኝ።

ቤታችን ተቀየረ። ባሌ ሰይድ ከድሮም ዝምተኛ ነው፤ ትዳራችንን የኖርነው እኔ ሳወራ እሱ ሲሰማ ነው። አሁን ሁለታችንም ዝም አልን። ማላመጥ ስለማልችል እሱ ማዕድ ላይ ብቻውን ተቀምጦ፣ እኔ ጥግ ሆኜ አጥሚት በግራ አፌ አፈሳለሁ። ሌሊት ሕመሙ ይተኛል፤ የማልተኛው እኔ ነበርኩ። ትራሱ ይነካኛል ብዬ በጀርባዬ ተንጋልዬ ጣሪያ አያለሁ። ሲነጋ ደግሞ ውዱእ አለ። ውሃው ካልተቻለ ተየሙም ይበቃል እንዳልል፣ ተየሙምም አፈር ነክቶ ፊት ማበስ ነው። ፊቴን ሳልነካ ጌታዬ ፊት እንዴት እንደምቆም ጨነቀኝ።

አሁን ወደ እህቴ ልምጣ።

ሐዋ ታላቄ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ከጡት የተለየሁ ሕፃን ነበርኩ፤ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እታለም ነው የምላት። አግብታ ኮምቦልቻ ወረደች። ከአያታችን የቀረልንን ግቢ ሁለታችን ተካፍለን ነበር፤ አንድ ቀን ድርሻዋን ሳትነግረኝ ለማላውቀው ሰው ሸጠችው። ማለዳ በሬን ስከፍት ባዕድ ሰው አጥር ሲያጥር አገኘሁ። በዚህ ተቀያየምን። እኔ እሷ ትምጣ አልኩ፤ እሷ ታናሽ ናትና ትምጣ አለች። እንዲህ እንደተኳረፍን ብዙ ቆየን።

የአባታችን ወዳጅ የነበሩት ሼህ ይማም አላስቻላቸውም። «እናንተን ሳላስታርቅ ብሞት አባታችሁ አኺራ ላይ ምን ይለኛል?» ብለው ቀን ቆረጡ። እርቁ ሐዋ ቤት ሊሆን ተስማማን። በዚያ ሰሞን ሕመሙ ፋታ ሰጥቶኝ ነበር። የእርቁ ዕለት ማለዳ ግን ውሃው ገና ሲነካኝ ተመልሶ መጥቶ ወለሉ ላይ ጣለኝ። ሰይድ እንቅር አለ። እኔ አሻፈረኝ አልኩ፤ ብቀር ሐዋ የንቀት እንዳይመስላት ፈራሁ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ቁልቁል ወረድን። በእኛ አገር ንፋስ ስለሚፈራ የሚኒባስ መስኮት ይከፈት የሚል ተሳፋሪ የለም፤ ለዚህ እንኳ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ኮምቦልቻ ሞቃት ናት፤ እዚያ ስንደርስ ሕመሙ የለቀቀኝ መሰለ። ምላሴ ተመለሰልኝ። ገና በሩ ላይ «እታለም፣ ግቢሽን ሸጥሽ፤ አሁን ደግሞ እኔን ለማን ልትሸጪኝ ነው የጠራሽኝ?» አልኳትና ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ያን ሳቋን ዛሬም እሰማዋለሁ።

ልትስመኝ መጣች። ግራ ጉንጬን ሳመችው። ወደ ቀኙ ስትዞር ሳላስበው ራሴን ወደ ኋላ ነጠቅኩ። ከንፈሯ አየር ስሞ ቀረ። ተመልሳ ቦታዋ ተቀመጠች።

ሼህ ይማም ዱዓ ጀመሩ። ወሎን ለማያውቅ ልንገር፤ እኛ ዘንድ ዱዓ ሲደረግ መዳፍ ወደ ላይ ይዘረጋል፣ ሽማግሌው ይለምናሉ፣ ሌላው አሚን ይላል፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም በሁለት እጁ ፊቱን ያብሳል። ምርቃቱን ተቀበልን የሚባለው ያኔ ነው። ፊት ሳያብሱ መነሣት የተሰጠን ነገር መሬት ላይ ትቶ እንደመሄድ ነው።

«ያ ረቢ፣ የእነዚህን እህትማማቾች ልብ አንድ አድርግልን» አሉ ሼህ ይማም።

«አሚን።»

«ሸይጧንን ከመካከላቸው አውጣልን።»

«አሚን።»

ሁሉም ፊቱን አበሰ። እኔም እጆቼን ወደ ፊቴ አመጣኋቸው። ጉንጬ ዘንድ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ቆሙ። ብነካው እንደምጮህ አውቃለሁ። እርቅ መሃል የምትጮህ ሴት ምን ትባላለች? እጆቼን ወደ ደረቴ አወረድኳቸው። ቀና ስል ሐዋ እጆቼን ታያለች።

ማዕድ ቀረበ። የእርቅ ማዕድ ነውና ሐዋ በእጇ ጠቅልላ ወደ አፌ ዘረጋችልኝ። ገና ተስፋ አልቆረጠችም፤ ይህ የመጨረሻ ሙከራዋ ነበር። አፌን መክፈት አልቻልኩም፤ ሕመሙ መንጋጋዬ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ራሴን ነቀነቅኩ። ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰችው።

«ዱዓውን መለስሽው፤ ጉርሻዬንም መለስሽው» አለችኝ በዝግታ። «ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ጥርሴን አሞኝ ነው፣ እታለም።»

«አሁን በሩ ላይ ስትስቂ አልነበር?»

እውነቷን ነው፤ ስስቅ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮምቦልቻ ላይ ስሜ «ዱዓ መላሽ» ሆነ። ወሬ ሐረጎን ለመውጣት መኪና አይፈልግም፤ ደሴም ደረሰ። ደንበኞቼ ሲገቡ የሚያዩት ጨርቁን ሳይሆን እኔን ሆነ። አንድ ቀን ጨክኜ ለሐዋ ደወልኩ። «ማን ልበል?» አለች። ገና «እታ» ስል ሕመሙ ያዘኝና ስልኩን በእጄ እንደያዝኩ ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። «ከዲጃ ነሽ? ምነው ዝም አልሽ? ዝምታሽን ልታሰሚኝ ነው የደወልሽው?» አለችና ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ስደውል አላነሣችም።

ሦስተኛውን ጥርስ በዚያው ሰሞን አስነቀልኩ። አሁን ሳስበው ጥርሱን ሳይሆን ንዴቴን ነው ያስነቀልኩት። ምንም ለውጥ አላመጣም። አራተኛውን ላስነቅል አንዲት ወጣት የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። አየችና «የሚነቀል ጥርስ የለዎትም» አለችኝ። ንቀይልኝ ብዬ ለመንኳት፤ ተቆጣኋት ጭምር። «እናቴ፣ እኔ መንቀል አያቅተኝም። የሚያምዎት ግን ጥርስ አይመስለኝም፤ ነርቭ ነው። አዲስ አበባ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ይዩ» አለችኝ። በወቅቱ የማትረባ ሐኪም ናት ብዬ ወጣሁ። ዛሬ ሶላቴ ላይ ዱዓ ከማደርግላቸው ሰዎች አንዷ ናት።

ልጄ ጀማል አዲስ አበባ ይሠራል። መጥቶ ወሰደኝ። ወጪውን አልዘረዝርም፤ ቤቱ ሕመምተኛ ያለበት ሰው ያውቀዋል፣ የሌለበት አላህ አያሳውቀው።

እዚያ ሆስፒታል፣ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞቹ ክፍል ደጃፍ ላይ ሰው ተደርድሮ ተቀምጧል። ወገቡን የታመመ አለ፣ በአደጋ የተጎዳ አለ። ከፊት ለፊቴ አንድ ትልቅ ሰው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል። የመተላለፊያው በር ተከፍቶ ንፋስ ሲገባ ሁለታችንም እኩል ፊታችንን አዞርን። ተያየን። እሳቸው በጣታቸው ወደ ግራ ጉንጫቸው ጠቆሙ፤ እኔ ወደ ቀኜ ጠቆምኩ። ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ስማቸውን አላውቅም፣ አገራቸውንም አላውቅም፤ ሁለታችንም መናገር አንችልም ነበር። ያን ያህል የተረዳኝ ሰው ግን ከዚያ በፊት አላገኘሁም። ከዚያ ወዲያ በሩ በተከፈተ ቁጥር ጀማል እየተነሣ ለሁለታችን ይዘጋልን ነበር።

ሐኪሙ በዕድሜ ከጀማል ብዙም አይበልጡም፤ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ጥርሴን አላዩም። «የት ላይ እንደሚያምዎት በጣትዎ ያሳዩኝ» አሉኝ። ጣቴን አነሣሁ፤ ጉንጬ ዘንድ ሳይደርስ ቆመ። በአየር ላይ ከጆሮዬ እስከ አገጬ መስመር አሰመርኩላቸው። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«አልነኩትም» አሉኝ።

«አልችልም።»

«አይደል? ጥርሱን ያመመው ሰው ጉንጩን ይጫነዋል፣ ይደግፈዋል። የእርስዎ እጅ ግን መንገድ ላይ ቆመ። ይህን ሕመም እኛ የምንጠረጥረው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው፤ በሽተኛው ፊቱን አይነካም።»

አለቀስኩ። እሳቸው በሽታው ያስደነገጠኝ መስሏቸው «አይዞዎት፣ የሚታከም ነው» ይሉኛል። እኔ ያለቀስኩት ለሌላ ነገር ነበር። ያ መንገድ ላይ የቆመ እጅ ሐዋ ያየችው እጅ ነው። አንዱ እጅ ለእህቴ ጥላቻ ሆኖ ታያት፤ ለእሳቸው ሕመም ሆኖ ታያቸው። እንባው ደግሞ ጉንጬን ሲነካው ሕመሙ ያዘኝ፤ ማልቀስ እንኳ ያልተፈቀደልኝ ሴት ነበርኩ።

ከምርመራው በኋላ በቀላል አማርኛ አስረዱኝ። ከጭንቅላት ውስጥ ተነሥቶ ወደ ግንባር፣ ወደ ጉንጭና ወደ መንጋጋ የሚከፋፈል ነርቭ አለ። የእኔን ነርቭ አንድ የደም ሥር ተደግፎታል፤ በመታ ቁጥር እየፈተገ ልባሱን አሳስቶታል። ልጡ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲነካ እንደሚነዝር ማለት ነው። መጀመሪያ በክኒን እንሞክር አሉኝ።

ክኒኑ ለሚጥል በሽታም የሚታዘዝ ነው። ደሴ ተመልሼ መድኃኒት ቤት ብሄድ ልጁ ሰው በሞላበት «የሚጥል በሽታ ያለብዎት እርስዎ ነዎት?» አለኝ። ይህም ወሬ ሆኖ ኮምቦልቻ ወረደ። «ዱዓ መላሿን የሚጥል በሽታ ያዛት፤ ዱዓው ራሱ መታት» ተባለ። ክኒኑ ሕመሙን ያዝ አደረገልኝ፤ ነገር ግን ቀጥ ብዬ መቆም አቃተኝ፣ ቆይቶም ሰውነቴን በሙሉ ሽፍ አደረገኝ። በስልክ ሲነገራቸው ሐኪሙ ቶሎ አስቆሙኝና የቀረው ቀዶ ሕክምና ነው አሉ።

ከመሄዴ በፊት ሰይድ ማንንም ሳያማክር ሐዋ ዘንድ ወረደ። ያ ዝምተኛ ሰው ተቀምጦ ሁሉንም ነገራት፤ የደም ሥሩን፣ ነርቩን፣ የቆመውን እጅ። እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

«ሰይድ፣ አንተ ባሏ ነህ» አለችው። «ለሚስትህ ብለህ ብትዋሽ አልፈርድብህም። ራሷ ትምጣና ፊቷን ታሳየኝ።»

ተመልሶ ሲነግረኝ ልብሴን ይዤ ልወርድ ተነሣሁ። ከዚያ ቁጭ አልኩ። ምኑን ነው የማሳያት? ፊቴ ቁስል የለው፣ እብጠት የለው። ብታየው ጤነኛ ፊት ነው የምታየው። ድኜ እሄዳለሁ አልኩ። ፊቷ ተቀምጬ ቀዝቃዛ ውሃ በጆግ አስመጥቼ እታጠባለሁ፤ ከዚያ ሼህ ይማም ዱዓውን እንደገና ያደርጉልናል፤ ከእሷ መዳፍ ቀድሞ የእኔ መዳፍ ፊቴ ላይ ያርፋል። ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ስገባ የያዝኩት ተስፋ ይህ ነበር። ሞትን አልፈራሁም ማለት አልችልም፤ ፈርቻለሁ። የበለጠ የፈራሁት ግን ሐዋ እንደጠላኋት እያሰበች መሞትን ነው።

ከጆሮዬ ጀርባ ትንሽ ከፍተው፣ የደም ሥሩን ከነርቩ ለይተው፣ በመካከላቸው ለስላሳ ነገር አኖሩ። ስነቃ አንዲት ነርስ በእርጥብ ጨርቅ ፊቴን ጠረገችልኝ። ሰውነቴ ደረቀ። ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። ግንባሬን አለፈች፣ ጉንጬን አለፈች፣ አገጬ ላይ ደረሰች። አልመጣም። «ድገሚልኝ» አልኳት። ደገመችልኝ። አሁን እንደ ልቤ አለቀስኩ፤ እንባው ጉንጬ ላይ ሲወርድ ሙቀቱ ብቻ ነበር የተሰማኝ።

ሐኪሙ ጉዞ እስኪፈቅዱልኝ ጀማል ቤት ተቀመጥኩ። በየቀኑ ለሐዋ ደውልልኝ እለዋለሁ። «ኔትወርክ የለም፣ እማ» ይለኛል። ስልኬን ስጠይቀው ሐኪሙ ለራስሽ ጥሩ አይደለም ብለዋል አለኝ፤ አመንኩት። አንዴ «ፋጡማን አግኝቻት ነበር» አለኝ። ፋጡማ የሐዋ ልጅ ናት። «እታለም ደህና ናት?» ስለው ጀርባውን ሰጥቶኝ ውሃ እየቀዳ «አብሽሪ፣ እማ፤ አንቺ ብቻ ዳኝልን» አለኝ።

በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ገባን። ሰይድ መኪና ይዞ ጠበቀኝ። ከስቷል፤ ለእኔ ተጨንቆ ነው ብዬ አሳዘነኝ። የሐዋ ቤት መንገዳችን ላይ ነው። «እዚህ አቁመው» አልኩት። «መንገድ አድክሞሻል፤ መጀመሪያ ቤትሽ ግቢ» አለኝ። መስኮቱን ከፍቼ ፊቴን ለንፋሱ ሰጥቼ ሐረጎን ወጣን። ማንም ዝጊው አላለኝም። ያን ያህል ደስ ብሎኝ የሄድኩበት መንገድ የለም።

ቤቴ ስደርስ በረንዳው በጫማ ተሞልቷል። «ለካ ይህን ያህል እወደድ ኖሯል» አልኩ እየገባሁ። የሳቀልኝ የለም። በሽተኛ ላይ መሳቅ ነውር መስሏቸው ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ሼህ ይማም መሃል ላይ ነበሩ። መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ያ ረቢ፣ ያሻርካትን አጽናልን።»

«አሚን» አልን።

«የሄዱትን ማርልን። ለቀሩት ሶብር ስጥልን።»

እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። አሚን ብዬ ሁለቱን እጆቼን ፊቴ ላይ አሳረፍኩ፤ ከግንባሬ እስከ አገጬ ቀስ ብዬ፣ ሰው ሁሉ እንዲያየኝ አድርጌ አበስኩ።

«አያችሁ? አበስኩ» አልኩ። «ኮምቦልቻ የሚወርድ ካለ ለሐዋ ይንገርልኝ። ወይም ተዉት፤ ነገ ራሴ ሄጄ አሳያታለሁ።»

እትዬ ዘሐራ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ሰይድን ፈለግሁት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል።

«ልጄ» አሉኝ ሼህ ይማም፣ «ሐዋ ቀድማሽ ሄዳለች። አንቺ ሆስፒታል እያለሽ ነው።»

ደም ግፊት ነበረባት። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ ነው አሉኝ፤ ቀን እንኳ አልሰጣትም። አንድ እናት ወልዳን፣ ሁለታችንንም የደም ሥር ነው ጭንቅላታችን ውስጥ የመታን። የእኔን ሐኪም ደረሰበት። የእሷን ማንም ሳያውቅባት ኖረ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከዚህ በኋላ የምመክረው ብዙ የለኝም። ጤነኛ ጥርስ አታስነቅሉ። ፊታቸውን ለመንካት የሚፈሩ ሰዎች ካሏችሁ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው፤ መድኃኒት አለው። በእኔ የደረሰ በሁሉ ይደርሳል አልልም፤ ክኒኑ ብቻ የበቃቸው ብዙዎች እንዳሉ ሐኪሙ ነግረውኛል። የደም ግፊታችሁን ተለኩ። ዱዓ ላይ ፊቱን ያላበሰ ሰው ካያችሁ ደግሞ ከመቀየማችሁ በፊት ምን ሆነህ ነው በሉት።

በማግሥቱ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ፋጡማ እናቷ በምትቀመጥበት ቦታ አስቀመጠችኝ። ጥቂት ተላቀስንና «እናትሽ ስለ እኔ ምን ብላ ነበር?» አልኳት።

«ሰይድ እዚህ መጥቶ የሄደ ዕለት መስታወት ፊት ቆማ አገኘኋት» አለችኝ። «ጣቷን ወደ ጉንጯ ታስጠጋለች፤ ሳትነካው ታቆመዋለች። ደግማ ታስጠጋለች። ‹ሰው እንዴት የገዛ ፊቱን መንካት ያቅተዋል?› አለችኝ።»

ይህን አመንኩ። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ከሆዱ ፈጥሮ አያወራውም።

«ከዚያስ?»

ፋጡማ ዓይኗን ወደ ምንጣፉ አወረደች። «ከዚያ ‹ስትመጣ እኔ ራሴ ፊቷን አብስላታለሁ› አለች።»

እኔ ነጋዴ ነኝ። ሰው ዕቃ ሲያሳምርልኝ አውቃለሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዓይኗን እያየሁ ወላሂ በዪ እላት ነበር። አላልኳትም። ዕድሜዬን በሙሉ ሳልከራከር የገዛሁት ነገር የለም፤ ያንን ግን በጠራችው ዋጋ ወሰድኩት።